የወዳጆ ብርኩማ

መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ላይ ወዳጆ የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው፤ አገር ሁሉ እንዲወደው ተመኝተው ይሆናል። ምኞት አይከለከልም። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከእሱ እጅ ማረሻ ያልወሰደ ገበሬ በዚያ አካባቢ አልነበረም፤ ቤቱ ገብቶ ውሃ የጠጣ ገበሬም አልነበረም። ሰርግ ላይ ምግቡ ለብቻው ይቀርብለታል፣ የጠጣበት ጣሳ ለብቻው ይቀመጣል፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት መንገድ ላይ ስታገኘው የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ቀጥቃጭ ነዋ፤ ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል። በእሱ ማረሻ የታረሰው ገብስ ግን ቆሎም ጠላም ሆኖ ይበላል፣ ይጠጣል። ያኔ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ወዳጆ ይህን ሁሉ ለራሱ ለምዶታል። ያልለመደው የልጁን ነው። ሳሌም በዚያ ዓመት ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር፤ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ለሦስት ተማሪ በተሠራ ዴስክ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ነው የተቀመጠችው። ግንቦት ውስጥ አንዲት ልጅ ረስታ ከሳሌም ኮዳ ውሃ ተጎነጨችና ያስታወሷት ጊዜ ደጅ ወጥታ አስታወከች፤ በማግሥቱ እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ጮኸች። ዳይሬክተሩ እናትየውን አባብሎ ሸኛት። ሳሌምን ያባበላት ሰው አልነበረም። ሰኔ ላይ ካርዷን ይዛ መጥታ አባቷ ጉልበት ላይ አኖረችውና ለመስከረም እንደማትመለስ ነገረችው።

ናሁሰናይ ወደ ወዳጆ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ናሁሰናይ የወረዳው ባህል ቡድን የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ጎረምሳ፣ ሸጋ፣ ከተማው ሁሉ የሚወደው። ጊታሩ ከደርግ ዘመን የኪነት ቡድን የተረፈ ሲሆን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አሥር ዓመት ያህል መጋዘን ተቆልፎበት አይጥ ሲፈነጭበት ኖሯል። እንጨቱ ደህና ነበር። ችግሩ ከታች፣ አራቱ ክሮች ተንተርሰው የሚታሰሩበት ብረት ላይ ነው። ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ ነገር ሆኖ ዝጎ ተንጋዷል፣ ብሎኖቹ ጥርሳቸው አልቋል፣ ወፍራሙ ክር ሲመታ ይንቀጫቀጫል፣ የተቃኘው ክር ዘፈኑ ግማሽ ሳይደርስ ይረግባል። አዲስ አበባ ወስዶ ቢያሳይ ከውጭ ካልመጣ የለም አሉት። መስከረም አንድ ደግሞ ተራ ዕንቁጣጣሽ አልነበረም፤ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ነው፣ ወረዳው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሊያከብር ነው።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ይኼን ብሪጅ ይሉታል። እርስዎ ይችሉበታል ብዬ ነው» አለው።

ወዳጆ ጊታሩን ከማየቱ በፊት ጎረምሳውን ነው ያየው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ያለው ሰው አልነበረም። ሱሪ ገና ያልታጠቀ እረኛ እንኳ «አንተ ወዳጆ» ነው የሚለው። ከዚያ ብረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ይኼማ ብርኩማ ነው አለ። አባቱ ለበገና ደርዳሪዎች ብርኩማ ይጠርቡላቸው ነበር፤ ክሩ እላዩ ላይ የሚተኛበትን እንጨት። ክር ጥሩ ራስጌ ካላገኘ አይተኛም፣ ካልተኛ ደግሞ እውነተኛ ድምፁን አይሰጥም ይሉ ነበር። በገናው ካለቀ በኋላ ግን አባቱ ሁለተኛ እንዲነኩት አይፈቀድላቸውም ነበር።

ሥራው ከሐምሌ መግቢያ እስከ ነሐሴ መግቢያ ፈጀ። ማረሻ የሚያስጠግን ሰው በማይኖርበት ጊዜ ነውና ወዳጆ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ዋለ። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ጦር ጥሎት የሄደ የመድፍ ቀለህ ነበረው፤ ነሐሱ ወፍራም፣ ቂጡ ላይ ጣት የሚያህል። ያንን ቆረጠው፣ አጋለው፣ ቀጠቀጠው፣ ቀን ከቀን ሞረደው። ለየክሩ አንዳንድ ትንሽ መቀመጫ አበጀ፤ አራቱም ወደፊት ወደኋላ እንዲሄዱ፣ ከፍ ዝቅም እንዲሉ አደረጋቸው። ብሎኖቹን ከአሮጌ ራዲዮና ከተሰበረ የጽሕፈት መኪና ነቀላቸው። እንጨቱ ላይ አዲስ ቀዳዳ ላለመብሳት ከአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ጋር እስኪገጥም ድረስ ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራው።

ማስተካከሉ ነበር የከበደው። ናሁሰናይ አንድ ነገር ብቻ ነግሮት ሄዷል፤ ክሩ ባዶውን ሲመታና መሐል ለመሐል ተይዞ ሲመታ ያው አንድ ድምፅ መሆን አለበት፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከመሆኑ በቀር። ወዳጆ ሙዚቃ አይችልም። ማረሻ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ ጥሎ ከድምፁ ብቻ ስንጥቅ እንዳለበት ግን ያውቃል፤ ጆሮው የዚያ ዓይነት ጆሮ ነው። ሳሌም ከጎኑ ቁጢጥ ብላ ክሩን ትመታለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ካቻቢቴውን እሩብ ዙር ያዞራል፣ «ድገሚ» ይላል። ሁለት ቀን እንዲህ ዋሉ። አራተኛው ክር ሲገጥም ሁለቱም እኩል አወቁትና ልጅቷ ሳቀች። ወዳጆ ልጁ ከግንቦት ወዲህ ስትስቅ የሰማው ያን ቀን ነው።

ናሁሰናይ መጥቶ ጊታሩን ወሰደ፣ የቡድኑ መለማመጃ አዳራሽ ውስጥ ከማጉያው ጋር አገናኘው፣ ወዳጆንም ጠርቶ በር ላይ አቆመው። ወፍራሙን ክር አንዴ ብቻ መታ። ድምፁ ወለሉን ይዞ መጣና በወዳጆ እግር በኩል ወደ ላይ ወጣ፤ ናሁሰናይ እጁን ከክሩ ካነሳ በኋላም አልጠፋም። ልጁ ወደ ወዳጆ ዞረ። እንዲህም አለ፦

«መስከረም አንድ ቀን ድምፅ ማጉያውን ይዤ ስምዎን እጠራለሁ። ይኼን የሠራው የሞላሌው ባለሙያ ወዳጆ ነው እላለሁ። ወረዳው ሁሉ ይስማ።»

ወዳጆ ያን ዕለት እንዴት ቤቱ እንደ ደረሰ አያውቀውም። ሚስቱ ጥሩሸዋ ሸክላ ትሠራለች፤ የጭቃ እጇን እየጠረገች ሰማችውና አልተደሰተችም። ስምህ ያልተጠራ ጊዜ ነው ሰላም የምታድረው፣ ዝም አይነቅዝም አለችው። ሳሌም ግን ሌላ ነገር ተናገረች። ያንን ድምፅ ማጉያ የክፍሏ ልጆችም፣ ወላጆቻቸውም ይሰሙታል፤ ናሁሰናይ ያከበረውን ሰው ማን ይንቀዋል? «ስምህ ከተጠራ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ» አለችው። ከዚያ በኋላ ወዳጆ ቀን መቁጠር ጀመረ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እሱ የፈለገው ግን ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። ስሙ አንዲት ዴስክ ላይ ሁለት ልጆች ቢያስቀምጥለት ይበቃው ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ፣ በገበያ ቀን፣ ቡድኑ ለመለማመጃ አደባባይ ወጣ። ዘፋኟ ጌታነሽ ናት፤ አገር የሚያወራላት ድምፅ ነበራት። ያን ዕለት ግን ሰው የተጋፋው ወደ ቤዙ ነው። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ደረታቸውን ይዘው ይኼ ነገር እዚህ ጋ ይመታል እያሉ ይነጋገሩ ነበር። ሕዝቡ ይደገም ሲል፣ ቡድኑ ሲደግም፣ ጌታነሽ የመንዝ ነሐሴ ካፊያ እላይዋ ላይ እየወረደ ሦስት ሰዓት ዘፈነች። በማግሥቱ ድምፅዋ ጎረነነ። በሦስተኛው ቀን ጨርሶ ጠፋ።

ሰው በዝናብ ቆሞ ሦስት ሰዓት ቢጮህ ድምፁ እንደሚዘጋ በግ ያረባ ሁሉ ያውቃል፤ በጎቹም ያውቁታል። የጌታነሽ እናት አማከለች ግን ቡድኑ ውስጥ ምን አዲስ ነገር ገባ ብላ ነው የጠየቀችው። አዲስ ነገር ብረቱ ብቻ ነበር። ወዳጆም አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ታይቷል። ልጅቷን ጠበል ወሰዷት። ሰባት ቀን «ማን በላሽ?» እያሉ ውሃ ሲያወርዱባት ከረሙ፤ በሰባተኛው ቀን በማይሰማ ትንፋሽ «ወዳጆ» አለች። በነሐሴ ብርድ ሰባት ቀን ውሃ እየወረደበት የሚጠየቅ ሰው የገዛ እናቱን ስምም ይጠራል። ያም ሆነ ይህ የወዳጆ ስም በከተማው ተጠራ፤ ያውም ድምፅ ማጉያ ሳያስፈልገው።

አማከለች በዚህ አላበቃችም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ሰውየው ቤት ለመሄድ ፈራችና አዳራሹ ገብታ አንድ ጠርሙስ ጠበል ጊታሩ ላይ አፈሰሰችበት። ከቀትር በኋላ ናሁሰናይ ማጉያውን ሲከፍተው ተንጫጫና ጸጥ አለ። ይህም ማስረጃ ሆነ፤ ቡዳው ጠበሉን አልችል ብሎ ጮኾ ወጣ ተባለ። ወዳጆ ወሬውን ሲሰማ የሆነው ነገር ወዲያው ነው የገባው። ሽቦው ውሃ ገብቶበታል፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይድናል። እንዲህ ብሎ መናገር ግን ስለ ጊታሩ አውቃለሁ ማለት ነው።

ናሁሰናይ በማግሥቱ በወናፉ በኩል፣ በጓሮ ዞሮ መጣ። ፊት ለፊት አልመጣም። የጌታነሽ ወንድሞች ዱላ ይዘው እንደሚዞሩ፣ ነገ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ እንደተጠራ ነገረው። መላው ቀላል ነው፤ ብረቱ ከአዲስ አበባ መጣ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ብረት ቡዳ የለበትም። እኔም እንዲሁ እላለሁ፣ እርስዎም እንዲሁ ይበሉ፣ ነገሩ ይበርዳል አለው። ወዳጆ ብረቱን ልትነቅለው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጁ ደነገጠ። አልነቅለውም፣ ከእንግዲህ ያለ እሱ መጫወት አልችልም አለ።

«መስከረም አንድስ?» አለ ወዳጆ።

«ዘንድሮ ይለፍ፣ ጋሽ ወዳጆ» አለ ናሁሰናይ፤ መስፉን እያየ ነበር።

ወዳጆ ለጥሩሸዋ ነገራት። እሷ እግዜር ይስጠው፣ እንዳለህ አድርግ አለችው። ለሳሌም ግን አልነገራትም። ምን ብሎ ይነግራታል? ስሜ ይጠራል ብሎ ቀን ሲያስቆጥራት ከርሞ፣ አሁን የእኔ አይደለም ልል ነው ሊላት ነው? ነገ ተናግሬ መጥቼ አስረዳታለሁ ብሎ አሳደረው። ከስሕተቶቹ ሁሉ የባሰው ይህ ነበር።

ስብሰባው ጳጉሜን ሁለት ቀን ተደረገ። ከመድረኩ በላይ «ለዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ተገቢውን ክብር እንስጥ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ከባለፈው በዓል ሳይወርድ የቀረ ነው። ሰብሳቢው አቶ አፈወርቅ የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ስለ ጎጂ ልማዳዊ አስተሳሰብ ሥልጠና ወስደው ከደብረ ብርሃን ከተመለሱ ገና ወር አልሞላቸውም ነበርና ግማሽ ሰዓት ያህል ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ አስተማሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጊታሩ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ ነሐሱ ላይ የጠበሉ ጠብታ ደርቆ ነጫጭ ምልክት ትቷል። ወዳጆ ከኋላው ባለው ወንበር ላይ ሰው ስላልተቀመጠ እንደ ልቡ ተደግፎ ያንን ምልክት ያያል፤ በጨርቅና በአመድ ቢታሽ ይለቅ ነበር። ጌታነሽ የበግ ጠጉር ባና ተከናንባ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ድምፅዋ መመለስ ጀምሯል። አንዴ «ዝናቡ ነው የመታኝ» ስትል የሰሙ ሰዎች ነበሩ፤ እናቷ ግን አትናገሪ፣ ጉሮሮሽን አሳርፊ ብላ አፏን ያዘችባት።

አቶ አፈወርቅ ንግግራቸውን ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ለመሆኑ ይህን ብረት የሠራው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ቡዳ ከሌለ የሠሪው ስም ለምን እንደሚፈለግ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ናሁሰናይ ተነሣ። ብረቱ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ ሱቅ እንደመጣ፣ ለሱቁም ከውጭ አገር እንደተላከ ተናገረ። አዳራሹ ገና አላመነም፤ በሩ ላይ የቆሙት የጌታነሽ ወንድሞችም አልተንቀሳቀሱም። ያን ጊዜ ናሁሰናይ ፈገግ አለና ጨመረበት። «ወዳጆማ ምኑን ችሎት? እሱ እንኳን ይኼን፣ ማረሻም አሳምሮ አይሠራ።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ ብዙው ሰው ባለፈው ጥቅምት ማረሻውን ያስጠገነው እሱ ዘንድ ነው። ወዳጆ የሰማው ሳቁን አልነበረም። የሰማው «እሱ» የምትለዋን ነው። ትናንት በጓሮ በኩል እርስዎ ነበረ።

«አንተስ ወዳጆ፣ ምን ትላለህ?» አሉ አቶ አፈወርቅ።

ወዳጆ ተነሣ። ከፊቱ ያለውን ወንበር ያዘ። «እውነቱን ነው። እኔ አልሠራሁትም። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው» አለ።

አቶ አፈወርቅ ወደ ጸሐፊው ዞረው ይጻፍ አሉ። ነገሩ ያኔ ባለቀ ነበር። ከወደ በሩ፣ ከሴቶቹ ኋላ፣ ሳሌም ተነሣች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ለዚያ ስብሰባ ዩኒፎርም ልበሺ ያላት ሰው አልነበረም።

«አባዬ ነው የሠራው። ክሩን እየመታሁለት ያስተካከለው አጠገቡ ተቀምጬ ነው። ናሁሰናይም ያውቃል» አለች።

ናሁሰናይ ጫማውን አየ። ከወንድማማቾቹ ታላቁ ዱላውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ፤ የሚያየው ግን ወዳጆን ሳይሆን ልጅቷን ነበር። ወዳጆ ይህን አየ። ልጁ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ዋሽታው አታውቅም፤ ስትዋሽ ፊቷ ምን እንደሚመስልም አያውቅም።

«ልጅ ናት፣ አትስሟት። ትዋሻለች» አለ።

አላመኑትም ይሆናል። ግን የገዛ አባቷ ነው የተናገረው፤ የአባት ቃል ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ጸሐፊው ብረቱ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ መሆኑ በቀጥቃጭ ወዳጆ ቃል ተረጋግጧል ብሎ ጻፈና ወረቀቱን አመጣለት። ወዳጆ ፈረመ። አቶ አፈወርቅ በመጨረሻ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ሐሰትም ጎጂነት ጥቂት ቃል ተናግረው ስብሰባውን ዘጉ። ወንድማማቾቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወጡ፤ ናሁሰናይ ጊታሩን ታቅፎ በሌላው በር ሄደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህን ያለ ሰው መቼም ሞላሌ ጳጉሜን ላይ አድሮ አያውቅም፤ ጉሙ እስከ ረፋድ ከደጅ አይነሣም።

ሳሌም ከፊት ከፊት ሄደች። ወዳጆ ሁለት ጊዜ ጠራት፣ አልዞረችም። እርምጃውን አፍጥኖ ሲደርስባት ሊነግራት ያሰበው ሁሉ አፉ ላይ ነበር፤ ስለ ዱላው፣ ስለ ናሁሰናይ መላ፣ እሷን ብሎ እንዳደረገው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን በዛወርቅ የምትባል ጎረቤት እህሏን አስቀምጣ ተራ ስትጠብቅ አገኙ። በዛወርቅ ወደ ስብሰባው አልሄደችም። ወሬ ግን ያምራታል፤ ወዳጆን በዓይኗ ሳትነካ ልጅቷን ምን ተባለ፣ ማን ነው የሠራው አሉ ብላ ጠየቀቻት።

ሳሌም ቆመች። ፊቷ ላይ አንድም ነገር አልነበረም።

«ከአዲስ አበባ ነው የመጣው» አለች። «አባቴ ማረሻም አሳምሮ አይሠራም።»

በዛወርቅ ተመስገን ብላ አማተበች። ሳሌም መንገዷን ቀጠለች። ወዳጆ ግን ወፍጮው ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ። አሁን ፊቷን አይቶታል፤ ስትዋሽ ምን እንደምትመስል አውቋል፤ ያስተማራትም እሱ ነው።